ቆርቆሮው ሲወድቅ

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ፎቅ ላይ ባለው የፊልም ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አንበሳና ነብር ሲቀርጹ ጫፋቸው ያልተነካ ሰው፣ የገዛ የፊልም ቆርቆሯቸው አናታቸውን ፈንክቶ ገደላቸው ቢባል ማን ያምናል? ከባዱ ቆርቆሮ አጠገባቸው ወድቋል፤ መደርደሪያው ላይ የነበረበት ቦታ ክፍት ነው። ነገሩ አደጋ ይመስል ነበር፤ ሐኪሙ ግን «የወደቀ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይመታም» አለና አረፈው።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የፊልም ኤዲተሩ፣ እንዲሁም ባልደረቦቹ «ጆሮ» የሚሉት የድምፅ ባለሙያ አራት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ሻይ እየጠጡ ሳለ ቆርቆሮው ሲወድቅ ሰምተዋል። የሟቹ ልጅ ደግሞ ብቻዋን ደረጃው ላይ ነበረች። በቃ፣ ፖሊሶቹ እሷን ሊወስዱ መኪና አስነስተዋል። መርማሪዋ ችኮላ አትወድም፤ ሞተሩን አስጠፋችና ልጅቷን አስቀመጠቻት።

«ትናንት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር።»

«አዎ። የሙያውን ታሪክ በፊልም እየሠራ ነበር። የድሮ እንስሳ ቀራጮች የተራበ አውሬ አጥር ውስጥ አስገብተው ጫካ ነው ይሉ እንደነበር ሊናገር። የራሱንም ጭምር። ስማችንን አፈር አታብላው አልኩት።»

«የራሱ የትኛው ነው?»

«የነብሯ ፊልም። የጋሼ ጆሮ ወንድም የሞተበት።»

ያንን ፊልም የማያውቅ የለም። ካሜራ የያዘው ወጣት ጫካ መሃል በነብር ተበላ ተብሎ ስንቱ አልቅሶለታል። እናቱን ዛሬም «የጀግናው እናት» ነው የሚሏት።

«ቆርቆሮው ሲወድቅ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ግን ከታች የመጣ ነው የመሰለኝ። ለፖሊሶቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ጆሮን ስቱዲዮው ውስጥ አገኘችው፤ ስቱዲዮው ከሻይ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለ። «እሷ ናት ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ግን ቆርቆሮው ካንግ ብሎ ነጠረ፣ ከዚያ እየተንከባለለ ቆመ። ጆሮዬ አይዋሽም።»

«ነብር ስትራመድ ድምፅ አላት?»

ጥያቄው ግራ አጋባው። «የላትም። ፊልም ላይ የሚሰማውን እኔ ነኝ በአሸዋ ከረጢት የምሠራላት። ሰው ካልሰማ አያምንማ።»

መርማሪዋ ወደ ላይ ወጣች። አንድ ፖሊስ ሻይ ክፍሉ እንዲቀመጥ አድርጋ፣ ያንኑ የሚያህል ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ለቀቀችው። ድፍ አለና ባለበት ቀረ። ፊልም እንዳይጎዳ ወለሉ በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኗል። ፖሊሱ ምንም አልሰማም።

ከዚያ ሁሉንም ሻይ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ የተሰማው ድምፅ ከላይ ሊመጣ አይችልም» አለች። «ልጅቷ እውነቷን ነው፤ የመጣው ከታች ነው። ገዳዩ ሽማግሌውን ቀድሞ ገደላቸው። ችግሩ እውነተኛው ድምፅ እዚህ አይደርስም፤ ስለዚህ የሚደርሰውን ሠራ። እኛም ቆርቆሮ እንዲህ ነው የሚጮኸው ብለን አመንን። ስቱዲዮው ማጫወቻ ላይ ያለውን የድምፅ ክር ሰማሁት፤ ሃያ ደቂቃ ዝም ይላል፤ ከዚያ ካንግ። እርስዎ እሱን ከፍተው ነው ሻይ ሊጠጡ የተቀመጡት።» ወደ ጆሮ ዞረች። «ለምን አልደመሰሱትም?»

«ድምፅ ደምስሼ አላውቅም» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ።

«የነብሯን አጥር በር ማን ነበር የከፈተው?»

«እኔ። ሽማግሌው ክፈት አለኝ፣ ከፈትኩ። ወንድሜ ገና ካሜራውን እያስተካከለ ነበር። እናቴ ዘጠና ዓመት አልፏታል። ዛሬ ከሰዓት ሽማግሌው ቤቷ ሄዶ እውነቱን ሊነግራት ነበር። አንዱ ልጄ ሌላውን አስበላው ብላ ትሙት? አርባ ዓመት ያለ እኔ አንዲት ቃል ቀርጾ አያውቅም፤ የዚህን ፊልም ትረካ ግን ደብቆኝ ቀረጸው። ያኔ ነው ሊያጋልጠኝ እንደሆነ የገባኝ።»

ኤዲተሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? የደበቀህ እንዳትከለክለው ነው። ትረካው እኮ ‹በሩን በእጄ የከፈትኩት እኔ ነኝ› ነው የሚለው። ለእናትህም እንደዚያው ሊላት ነበር። የአንተ ስም የትም የለም።»

ጆሮ ልጅቷን ቀና ብሎ አያት፤ ሊያሳስራት የነበረውን ልጅ።

«ለእናቴ ማን ሊነግራት ነው?»

«እኔ» አለች ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች። «አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«የሆነውን ነዋ፣ ጋሼ። በሩን የከፈተው ልጇ መሆኑን። አባቴን የገደለውም እሱ መሆኑን።»

ጆሮ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፉ ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ መውጫ ጫማዋን አስራ ወጣች።