አበባው ላይ የቀረው ንዝረት

ይህ በእኔ የደረሰ ነው። ማመን የማይፈልግ ከዚሁ ይመለስ፤ የምለማመጥበት ጊዜ የለኝም።

ጥር 2011 ዓ.ም.፣ ቀን ስድስት ሰዓት። ከሮብ ገበያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ ምንጭ ዳር።

እኔና ጓደኛዬ አበባው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠርግ እንቀርጻለን። በማግስቱ ሥራ ነበረን፤ ድሮናችን ግን የምትቀርጸው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የሞተሮቹ ንዝረት ካሜራው ድረስ ይዘልቃል። ንፋስ በሌለበት ሰዓት ካልሞከርናት ጥፋቱ የሞተሩ ይሁን የንፋሱ አይለይም። ስለዚህ ቀትርን መረጥን።

አንዲት መነኩሲት በመንገዱ ሲያልፉ አይተውን ቆሙ።

"በቀትር ምንጭ ዳር ምን አላችሁ? ተነሡ!"

"እማሆይ፣ እርስዎ መንገድዎን ይሂዱ" አልኳቸው። ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

አበባው እንድቀርጸው ከምንጩ ማዶ ባለው ሜዳ መሀል ቆመልኝ። ከርቀት አበረርኳት። ምስሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

አወረድኳት። ካሜራውን ከንዝረት የሚጠብቁትን ትንንሽ ጎማዎች ቀየርኩ። ክብደታቸው እኩል እንዲሆን ከሚሽከረከሩት ክንፎች በቀለለው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩ።

እንደገና አበረርኳት።

መቆጣጠሪያዬ ስክሪን ላይ ሣሩ ረጋ። ድንጋዩም ረጋ።

አበባው ብቻ ይንቀጠቀጣል...

ደወልኩለት። "አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ ቁም እንጂ።"

"ቆሜያለሁ እኮ።"

ቀና ብዬ አየሁት። እውነቱን ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

ድሮኗን ዝቅ አደረግኳት። ስክሪኑ ላይ ፊቱ ታየኝ።

ያለቅሳል...

"አበባው... ምን ሆነሃል?"

"ምንም። መጣሁ።" ስልኩ ተዘጋ።

በዓይኔ እያየሁት ሜዳውን አቋርጦ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

ስክሪኑን አየሁ።

አበባው እዚያው ሜዳው ላይ ነው። ሁለት እጁን ወደ ድሮኗ ያወናጭፋል።

"ተስተካክላለች" አለ አጠገቤ ያለው በሹክሹክታ። "አውርዳት።"

ባትሪው ስድስት በመቶ ቀርቶታል። ካወረድኳት ጓደኛዬን ዳግም እንደማላየው ገብቶኛል። ግን ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"አውርዳት አልኩህ።"

አወረድኳት...

ስክሪኑ ላይ መጨረሻ ያየሁት አበባው ድሮኗን ተከትሎ ሲሮጥ ነው። አፉ ይከፈታል፤ ድምፁ አይሰማም።

ቀና ስል ሜዳው ባዶ ነው።

አጠገቤ ያለው ድሮኗን አንሥቶ አቀበለኝ። የእጁን አንጓ ያዝኩና የደም ሥሩን ዳበስኩ።

አይመታም...

ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል "ነገ ሠርግ አለን፤ በጠዋት ና" አለኝ።