እልፍ ከሰባት

በዘርባዝ ሰማይ ባለሰባት ጭራ ኮከብ በታየ ማግስት፣ ሙርጓም ከወንዙ ማዶ ካለው ዋሻው ወጣ። ክንፉ በከተማ ላይ የሚያጠላ አውሬ ቢሆንም የማዕድ ሥርዓት ያውቃል፦ አንድን ሕዝብ የሚውጠው በእኩል ረድፎች ሲደረደርለት ብቻ ነው። አንድ ሰው ከተረፈ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። አንድ ረጅም ሰልፍም ሆነ ለየብቻ የተበተነ ሕዝብ፣ በእርሱ ዘንድ ማዕድ አይባልም።

ንጉሡ የሕዝብ ቈጣሪዋን ሐርጊትን አስጠሩ። ሐርጊት ሰው ፊት ቀና ብላ የማትናገር፣ ቁጥር ፊት ግን የማታፍር ወጣት ነበረች። ደጅ ለደጅ ዞራ ቈጠረች፤ እልፍ ከሰባት፣ ዐሥር ሺህ ሰባት ሰው። በምንም እኩል የማይካፈል ቁጥር! ከተማው ጨፈረ። እርሷም እርጉዝ እህቷን «ሳትወልጂ እመለሳለሁ» ብላ፣ ቁጥሩን በመሐላ ልታስረክብ ከአበጋዙ ከጉርዝም ጋር ተነሣች። የሚፈላውን ወንዝ የሚሻገሩት፣ ቆም ካሉባቸው በሚሰምጡ ድንጋዮች ላይ ነው። አበጋዙ በየድንጋዩ ቆሞ የድሮ ጀብዱውን ሲተርክ ጫማው ተቀቀለ።

ሙርጓም ቁጥሩን ሰማና ጥርሱን ፋቀ። «ቈጣሪዋስ?» አለ።

ሐርጊት እስከ ጆሮዋ ቀላች። በዘርባዝ ቈጣሪ ጣቷን ወደ ራሷ መቀሰር ነውር ነው። እርሷ ስትጨመር እልፍ ከስምንት ነበሩ። አውሬው «ስምንት ረድፍ» እያለ መሬቱን በጥፍሩ ማስመር ጀመረ። አበጋዙ ከሕዝቡ ቢወጣ ደስ እንደሚለው፣ ዳሩ ግን አገር ያለ እርሱ እንደማትጸና በሐዘን ገለጸ።

«ወንዙ ይስማኝ» አለች ሐርጊት። «ቁጥሩ ራሱ እስኪጠራኝ ድረስ የዘርባዝ ሰው አይደለሁም፤ የዚህ ማዶ ነኝ።»

«እንግዲያ አንቺን እበላለሁ።»

«አንዲት ነኝ። በስንት ረድፍ ልትደረድረኝ?»

ሙርጓም አጉረምርሞ እልፍ ከሰባትን ያካፍል ጀመር። በሁለት አንድ ተረፈው፤ በሰባት አራት ተረፉት፤ በዐሥራ ሦስት ዐሥር ሰው ሲተርፍ አለቀሰ። ከመቶ ሊያልፍ ሲል ሐርጊት ቀስ ብላ፣ «ከመቶ በላይ ረድፍ ካደረግህ በየረድፉ ከመቶ ያነሰ ሰው ነው የሚቆመው፤ እሱን ደግሞ ሞክረኸዋል» አለችው።

ስለዚህ ቁጥሩ እስኪለወጥ ሊጠብቅ ተቀመጠ። ንጉሡም ሽማግሌዎች እንዳይሞቱ በአዋጅ ከለከሉ፤ ሽማግሌዎቹ ቅር እያላቸው ታዘዙ።

ሐርጊት ከአውሬው አጠገብ ሦስት ወር ኖረች። እልፍ ከዘጠኝን ፈተነች፤ እርሱም አይካፈልም። እህቷ አንድ ከወለደች፣ ሐርጊት ተሻግራ ቁጥሩን መሙላት አለባት። መንታ ከሆነ ግን አገር ያለ እርሷ ይድናል፤ እርሷም እዚያው ትቀራለች። የእህቷ ሆድ ደግሞ ትልቅ ነበር።

አንድ ማለዳ ከወዲያ ማዶ መለከት ተነፋ። አበጋዙ ወደ ዘርባዝ ሲመለስ ለአንድ ልጅ አንዴ፣ ለመንታ ሁለቴ ሊነፋ ቃል ገብቶላት ነበር። ሙርጓም «እልፍ ከስምንት!» ብሎ ክንፉን ዘረጋ። ሐርጊት በድንጋዮቹ ላይ ሮጠች፤ መጨረሻው ድንጋይ ላይ ግን ቆመች። ሁለተኛው መለከት ከተነፋ ዳር መርገጥ የለባትም። ድንጋዩ ሰመጠ፤ ግራ እግሯ ተቃጠለ። በሕይወቱ አንድ ነገር አንዴ ብቻ አድርጎ የማያውቀው አበጋዝ መለከቱን ከአፉ አወረደ።

እያነከሰች ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ማነከሷ አልተዋትም።

አውሬው ከኋላዋ አረፈ። «ስንት ናችሁ?» አለ።

ሐርጊት ጣቷን አነሣች፤ ሕዝቡ ሁሉ እያየ ደረቷ ላይ አኖረችው።

«እልፍ ከዘጠኝ።»

ሙርጓም በረጅሙ ተንፍሶ ተቀመጠ። «በሁለት…» ብሎ ጀመረ።