ሳይቀመስ የተጠጣ

አባባ ዘለቀ የሞቱት ጅማ አጠገብ፣ የቡ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ መደባቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ነው። የጠጡበት ዋንጫ እግራቸው ስር ወድቋል። ስንቱን ያዳኑ የቅጠል አዋቂ፣ ራሳቸው በቅጠል ሞቱ።

ኢንስፔክተር ሰሎሜ ከጅማ ስትደርስ የቀበሌው ታጣቂዎች የሟቹን ጎረቤት ከድጃን ይዘዋታል።

«ቅጠል የምትወቅጥላቸው እሷ ናት። ሌላ ማን አለ?» አለ አንዱ ታጣቂ።

ሰሎሜ ዋንጫውን አነሳች። አተላውን በጣቷ ነካችው። ሻካራ ነው፤ የቅጠሉ ጅማት ይታያል።

«እማማ ከድጃ፣ እንዴት ነው የሚወቅጡት?»

«እስኪልም ነዋ! ቅጠሉን ሰው እንዳይለየው። ዘለቀ ጅማት ካየ ወላሂ ሙቀጫውን ይነጥቀኛል።»

«ሰው የሰጣቸውንስ ይጠጣሉ?»

«ሰጪው ሳይቀምስ? አይነካውም! ወተቴን እንኳ ስንት ዓመት ቀምሼ ነው የሰጠሁት። ‹አዋቂ ጠላት አያጣም› ይላል።»

ከቆሙት መሃል፣ በመሬት ድንበር የተጣላቸው ዳባ ሳቀ። «አቦ፣ ትናንት መጥቼ ተሰዳድበን ሄድኩ። ከኔ እጅ ውሃ የሚጠጡ መሰለሽ?»

የአባባ ዘለቀ ልጅ እሱባለው ከስንት ዓመት በኋላ ትናንት ነው ከጅማ የመጣው። ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ስተኛ ደህና ነበሩ» አለ። «ምን እንደጠጡ በምን አውቃለሁ? እውቀቱን ለጎረቤት ነው የሰጡት። ለኔ ለልጃቸው ነፈጉኝ።»

ሰሎሜ ቅጠሎቹ የሚበቅሉበትን ጓሮ ዞር ዞር ብላ አየች። ተመልሳ ሁሉንም ደጁ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እማማ ከድጃ ቢወቅጡት ይልም ነበር። የወቀጠው ሙያውን የማያውቅ ነው። ዳባ ቢሰጣቸው ‹ቅመስ› ይሉት ነበር፤ ቢቀምስ ደግሞ ዛሬ እዚህ አይቆምም። ታዲያ ሳይቀመስ የተቀበሉት ከማን ነው?»

መልሱን ራሷ ሰጠች።

«ስንት ዓመት በር በሩን እያዩ ከጠበቁት ሰው። ልጅን ‹ቅመስ› ማለት ከበዳቸው።» ወደ እሱባለው ዞረች። «ግን ቅጠል ካላሳዩህ፣ ገዳዩን እንዴት ለየኸው?»

እሱባለው ወደ ጓሮው ዞረ።

«አንዱን አሳይተውኛል። ልጅ ሆኜ። ‹ይሄን እንዳትነካ› ብለው።» ድምፁ ተሰበረ። «ቅመስ ቢሉኝ እደፋው ነበር። ዝም ብለው ጠጡት።»

ታጣቂዎቹ ይዘውት ሄዱ። ግቢው ጭር አለ።

ሰሎሜ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ያለው ባዶ ቤቷ ትዝ አላት፤ የሟቹ ደጅ ላይ ተቀመጠች። ከድጃ የወተት ኩባያ ይዛ መጣች።

«እንኪ ልጄ።»

ከመስጠቷ በፊት ግን እንደለመደችው ተጎነጨችላት።