አንድም ቀን ያልቀረች

በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መፈክሮች ገና ከጅማ አደባባዮች ሳይወርዱ፣ ከደዶ በስተ ደቡብ ባለችው በሶምቦ ቀበሌ ቡናው ቀላ፤ ቡናው ሲቀላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ይራቆታል፤ መንግሥት ቢለወጥም ይህ አይለወጥም። በመዝገብ የሰፈሩት ተማሪዎች ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ በዚያ ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር የተሰለፉት ግን ሰባ አንድ። የቀሩት በገበሬ ማኅበሩ ላይ የተጣለውን የቡና ኮታ ሊለቅሙ ከእናት ከአባታቸው ጋር ወደ ጎጀብ ቆላ ወርደው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ለይኩን ገብረሥላሴ የመንዝ ተወላጅ ነው፤ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዘምቶ መጥቶ፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀረ። ያኔ ሶምቦ የነበራት አንድ የሣር ዳስና አርባ ተማሪ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጎጆው እየዞረ፣ እየለመነ፣ አንዳንዴም እየተሰደበ ቁጥሩን ሦስት መቶ አሻገረው፤ ተማሪው ስምንት እጥፍ ሲሆን መምህሩ ግን በጭንቅ አራት ደረሰ፤ ከአራቱም አንዱ አምና ተነሥቶ ሦስት ቀሩ። አሁን ደግሞ ከወደ አውራጃው አዲስ ትእዛዝ መጣ፤ ከተማሪው ግማሽ የማይገኝበት ትምህርት ቤት መምህር ይቀነስበታል የሚል። አንድ መምህር ከሄደ ስድስተኛ ክፍል መዘጋቱ ነው፤ በስድስተኛ ክፍል ደግሞ ሰኔ ላይ ለሚኒስትሪ ፈተና የሚቀመጡ አሥራ አንድ ልጆች አሉ፤ ከነሱም አንዷ ዙሀራ ቲጃኒ፣ ከሶምቦ ሴቶች እዚያ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያይቱ ናት።

በስም መጥሪያው ላይ ለቀረ ተማሪ «ቀ» ይጻፋል፤ ለመጣ ምንም አይጻፍም። እንግዲህ ለመዋሸት ብዕር ማንሣት እንኳ አያስፈልግም፤ ሣጥኖቹን ባዶ መተው ይበቃል። ለይኩንም ባዶ ተዋቸው።

«ኧረ ጓድ ለይኩን፣ ይሄ ነገር ጉድ ያፈላብናል» አለችው ስድስተኛን የምታስተምረው መምህርት ሸዋረገጥ፣ መዝገቡን ገልጣ አይታ።

«እስከ ሰኔ ብቻ ነው መምህርት። እነዚህ አሥራ አንዱ ይፈተኑልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከፈለጉ ይስቀሉኝ።»

እሷም ከዚያ በኋላ ባዶ መተው ጀመረች።

ኅዳር ፲፰ ቀን ዙሀራን ከቆላ በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። አሥራ አንድ ቀን ከለቃሚዎች ጎጆ አድራ ወባ ጥሏታል፤ አባቷ ቲጃኒ አባ ቡልጉ ከቃሬዛው ጫፍ አንዱን ይዞ ሲሮጥ ውሎ፣ ደዶ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ልጅቱ መንገድ ላይ ዐረፈች። ለይኩን ቀብር ቆሟል፤ አፈር መልሷል። ወደ ቢሮው ተመልሶ መዝገቡን ሲከፍት ግን ስሟን አልሰረዘም። ስሟን ቢሰርዝ መቼና የት ሞተች ይባላል፤ የሞተችው ለቡና ለቀማ በወረደችበት ነው፤ መዝገቡ ግን ያን ሁሉ ቀን ክፍል ውስጥ ነበረች ይላል። አንዷ ስትነሣ የሁለት መቶ አርባው ውሸት አብሮ ይነሣል። ወይ መከራ! እንዳለ ከደነው።

በጥር መጨረሻ ተቆጣጣሪው ጓድ ዓምደሚካኤል ከአውራጃ መጣ፤ ሶምቦ በተማሪዎች ክትትል አርአያ ሆናለችና ወላጆች በስብሰባ ይጠሩ አለ። ሰዉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ፤ ቲጃኒም ከሽማግሎች ጋር ነበረ። ጓድ ዓምደሚካኤል ዘጠና ስምንት ከመቶ ተገኝቷል የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ ከዚያም ለሽልማት ከመዝገቡ የመረጣትን ስም አነበበ።

«ዙሀራ ቲጃኒ! ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን ያልቀረች፤ ለጭቁን ሴቶች ምሳሌ! ትውጣ፤ እናጨብጭብላት!»

ማንም አላጨበጨበም። ከሴቶቹ በኩል «ያ ረቢ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምነው? ልጅቱ የለችም እንዴ?» አለ ጓድ ዓምደሚካኤል ወደ ለይኩን ዞሮ።

ለይኩን ከፊት የተቀመጡትን አሥሩን የስድስተኛ ክፍል ልጆች አየ። «ዛሬ… ዛሬ አልመጣችም፣ ጓድ» አለ።

ቲጃኒ ተነሣ። በኦሮምኛ ነበር የተናገረው፤ ዘጠኝ ዓመት እዚያ የኖረው ለይኩን አንድ ቃል አላመለጠውም።

«ባርሲሳ፣ መምህር ሆይ፣ ልጄ አልቀረችም ይላል ወረቀቱ? ከትምህርቷ አስቀርቼ ቆላ ያወረድኳት እኔ ነኝ። በዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ማሎ፣ እባክዎ፣ እርስዎ ከቀብሯ ቆመው አልነበረም ወይ?»

«ምን ይላሉ ሰውዬው?» አለ ኦሮምኛ የማያውቀው እንግዳ።

«አባቷ ናቸው» አለ ለይኩን። «ስለ ሽልማቱ… ያመሰግናሉ።»

ጓድ ዓምደሚካኤል ደስ ብሎት የቲጃኒን እጅ ጨበጠ፤ አንድ ደርዘን ደብተርም አሸከመው። ቲጃኒ ደብተሮቹን ከርዕሰ መምህሩ እግር ሥር ሣሩ ላይ በቀስታ አኖራቸውና ወደ ቤቱ ሄደ። ለይኩን በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጓድ ዓምደሚካኤል ቢሮ ገብቶ እንዲህ አለ፤ «በርቱ! እንዲህ የጠነከረ ትምህርት ቤት ለደከመው ማካፈል አለበት። መምህርት ሸዋረገጥ ከየካቲት አንድ ጀምሮ ወደ ሌላ ትዛወራለች፤ ሁለታችሁ ትወጡታላችሁ።»

ለይኩን ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጓድ፣ መዝገቡ ውሸት ነው! ልጅቱ ሞታለች፤ ከኅዳር ጀምሮ! ተማሪው ሁሉ ቡና ለቀማ ነው የከረመው!»

ጓድ ዓምደሚካኤል በሩን ዘጋ። «ቁጥሩ ወደ ላይ አልፏል። ክፍለ ሀገሩ ይዞታል፤ አዲስ አበባም ይይዘዋል። እኔና አንተ አሁን ብናፈርሰው የምንፈርሰው እኛው ነን፤ ስለዚህ ያልሰማሁ ልሁንልህ» አለና ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ስድስተኛ ክፍል በየካቲት ተዘጋ። ከአሥሩ ሁለቱ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ዘመድ ነበራቸውና እዚያ ተጠግተው ተፈተኑ፤ ስምንቱ የአባታቸውን ሥራ ያዙ። ለይኩን ሌላ ሰባት ዓመት አስተማረ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ልጅ ላኩልኝ ብሎ የማንንም ደጅ ለመርገጥ ድፍረት አላገኘም።

የዚያን ዓመት ቁጥር ታሪክ አልዘነጋውም፤ ከብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ጋር ተደምሮ ታትሟል፤ የዘመኑን ትምህርት የሚያጠኑ ሰዎችም የተማሪው ብዛት መስመር ሽቅብ መውጣቱን ያስረዱበታል። ዙሀራ እዚያ ድምር ውስጥ አለች፤ አንድም ቀን ሳትቀር። ቲጃኒ ሁለተኛዪቱን ልጁን ዙቤይዳን ትምህርት ቤት አልላካትም፤ እሷ ዛሬም በሕይወት አለች፤ በየትኛውም ዓመት ቁጥር ውስጥ ግን የለችም።