ሦስተኛው ጥሪ

ጳጉሜን ሲገባ ሐዋሳ መፈናፈኛ የላትም። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚጎርፈው መኪና እስከ ሐይቁ ዳር ይደረደራል፤ የዓሣ ጥብስና የዳጣ ሽታ፣ የጀልባ ነጂዎች ጩኸትና የመጠጥ ቤቶች ዘፈን እስኪመሽ አንድ ላይ ይንተከተካሉ። ባለፈው ግንቦት የተጋቡት ትርንጎና አምሳሉ በስንት ልመና ያገኙት አልጋ በእትዬ ወደሬ ማረፊያ ውስጥ ጀርባውን ለውሃው የሰጠው የመጨረሻው ክፍል ነበር።

እትዬ ወደሬ ቁልፉን ሲሰጧት እጇን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቀትር ላይ ከውሃው በኩል ስምሽን ቢጠሩ አቤት እንዳትዪ። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። እነሱ የውሃዎቹ ግን ከሁለት አያልፉም» አሏት።

«እሷማ ድመት ብትጮህም አቤት ባይ ናት» ብሎ አምሳሉ ሳቀ። አልዋሸም። እናቷ ሲጠሯት ዝም ያለች ቀን ቁንጥጫ እያቀመሱ ነው ያሳደጓት።

በማግስቱ ሩፋኤል ነበር። እኩለ ቀን ሲቃረብ ዝናብ ጣለ፤ አምሳሉ ምሳ ሊያዝዝ ግቢው ውስጥ ወዳለው ዳስ ሄደ። ትርንጎ በጓሮው በር ወጥታ፣ የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነውና፣ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደውን ውሃ በፀጉሯና በሆዷ ላይ አፈሰሰችው። ማርገዟን እስካሁን ለማንም አልተናገረችም። ምሳ ላይ ልትነግረው ነው፤ ደስታው አላስችል ብሏት ብቻዋን ትስቃለች።

ድንገት ዘፈኑ ጠፋ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለውም፤ የበሰበሰ ደንገልና የጭቃ ሽታ መጣ።

«ትርንጎ!» የአምሳሉ ድምፅ ነው፤ ግን ከሐይቁ በኩል። አፏን በእጇ ያዘች።

«ትርንጎ!» አሁን ሲደክመው እንደሚያደርገው እየተነጫነጨ ነበር። ሦስተኛውን ጠበቀች፤ ቆየ። ባሏን ማስቀየም ከበዳት። አመል ያወጣል ከመሃል።

«አቤት!»

ማንም አልነበረም። በራሷ እያፈረች ወደ ክፍሉ ተመለሰች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ወደ ግቢው የሚያወጣውን በር ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ መስሏት ወደ ጓሮው በር ዞረች፤ እሱም እምቢ አለ። ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኗል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ጆሮዋም ውሃ እንደገባበት ይጮኻል።

በመስኮቱ ዳሱን አየች። አምሳሉ ተቀምጧል። አጠገቡ፣ ፀጉሯ የሚንጠባጠብ፣ የትርንጎን ቀሚስ የለበሰች፣ የትርንጎ መልክ ያላት ሴት አለች። ሴትዮዋ እጁን ወስዳ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። አምሳሉ ወደ ራሱ ስቦ አቀፋት፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

የእኔ ነው፣ ያ የእኔ ነው! መስታወቱን በቡጢ ደበደበችው፤ ድምፅ አልሰጠም።

«አምሳሉ!»

ቀና አለ። ያየው ግን ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ ሐይቁ ነበር።

«አምሳሉ!»

ከወንበሩ ተነሳ። ትርንጎ ለሦስተኛ ጊዜ አፏን ስትከፍት ቀዝቃዛ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል ውሃ እስከ ጉሮሮዋ ሞላው።

ሴትዮዋ የትርንጎን ፈገግታ ፈገግ ብላ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችውና፣ «ተው የኔ ጌታ፣ ሦስተኛውን ጠብቅ» አለችው።