እትዬ ትቅደም

ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ያልተጠየቀ ሰው የለም። ሾፌሩ ተጠይቋል። ድርቆሽ አቅራቢው እንኳ በዚያ ሲያልፍ የመሰለውን ተናግሯል። በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት ስድስቱን ፈረሶች የምታጠጣው፣ ጋጣ የምትጠርገው ሚጢጢ ግን አልተጠየቀችም። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት የጋጣው ኃላፊ የሆነው አጎቷ ዛሬም ሚጢጢ ይላታል። ሚጢጢ ደግሞ ምን ታውቅና!

ወረቀቱ «ሰደድ እሳት ከመጣ» የሚል ርዕስ ይዞ የጋጣው በር ላይ ተለጥፏል። ፈረሶቹ መኪና ላይ የሚጫኑበት ተራ ነው፦ አንደኛ፣ ጉራች። ስድስተኛ፣ እትዬ፤ «ቦታ ከተረፈ»።

እትዬ አሮጊቷ ባዝራ ናት። አንድ ዓይኗ አያይም፤ ጀርባዋ እንደ አሮጌ አልጋ ሰርጉዷል። አረማመዷ ግን የእመቤት ነውና ሰው ሁሉ እትዬ ይላታል። አክብሮቱ እዚያ ላይ አለቀ፤ በእሳት ቀን ቦታ ከተረፈ!

ከኮረብታው ጀርባ የሚነሳው ጭስ እየጠቆረ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ወደዚህ ዞሯል። አጎቷ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«በአንድ ሰዓት ውስጥ ልቀቁ ብለዋል፤ መንገዱ ሊዘጋ ነው። ጉራችን አምጪ!»

ጉራች መጣ። የጭነት መኪናው መወጣጫ ጋ ሲደርስ ግን አራት እግሩን ተከለ። አጎቷ ጎተተ፤ ፈረሱ አልነቃነቅ አለ። ሾፌሩ ከኋላ ልግፋ ቢል በእርግጫ ለጥቂት ሳተው።

«አለቃ፣ ይሄ ፈረስ ነው ወይስ የስልክ እንጨት?»

«ቀልዱን ተውና ሳብ!»

«ጋሼ፣ እትዬ ትቅደም» አለች ልጅቷ።

«አምስት ነው የምንጭነው። ጉራች ስለሚራገጥ የሁለት ፈረስ ቦታ ይፈልጋል። ከሁሉ ውድ የሆነው እሱ ቢቀር የጋጣው ባለቤት የሚያባርረው እኔን ነው፤ ለአንዲት አሮጊት ብዬ ከሥራዬ ልውጣ?»

«እትዬ አጠገብ ከቆመ አይራገጥም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አይቼ ነው።»

«ሚጢጢ፣ ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም! ሂጂ የውጪውን በር ክፈቺ።»

የውጪው በር በስተግራ ነበር። እሷ ወደ ቀኝ ዞረች።

እትዬ አንገቷን አውጥታ ትጠብቃት ነበር። ልጅቷ የናይለን ማሰሪያውን ፈታችላት፤ ናይለን እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በጥጥ ገመድ አሰረቻትና ይዛት ወጣች።

«መልሻት!» አጎቷ ጮኸ።

«አልመልስም።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ የማዝሽ!»

«ስንመለስ ቅጣኝ። አሁን ከመወጣጫው ላይ ዞር በል፣ ጋሼ።»

በየማለዳው ወደ ውኃ ገንዳው ሲሄዱ እትዬ ትቀድማለች፤ አምስቱ ይከተሏታል። ይህን ሌላ ሰው አያውቅም፤ በዚያ ሰዓት የሚነሳ ሌላ ሰው የለማ። እትዬ መወጣጫውን አሸተተች፤ ከዚያ የገዛ ቤቷን ደረጃ እንደምትወጣ ሁሉ ቀጥ ብላ ወጣች። ከውስጥ አንዴ አሽካካች።

ጉራች ጆሮውን አቆመ። ገመዱ በአጎቷ እጅ ላይ ላላ። ያ የስልክ እንጨት ሮጦ ወጣና አፍንጫውን የአሮጊቷ አንገት ላይ አሳረፈ።

«ኧረ ሙሽራው!» አለ ሾፌሩ።

የቀሩትም ሲፈቱ ተከታትለው ገቡ። ተጠጋግተው ሲቆሙ ቦታው ለስድስቱም በቃ። መኪናው ሲነሳ አመዱ መስታወቱ ላይ እንደ ካፊያ ይወርድ ነበር። ልጅቷ ከመሳፈሯ በፊት ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገንጥላ ኪሷ ከትታው ነበር።

ከወንዙ ማዶ፣ ኳስ ሜዳው ላይ፣ ስድስቱም አንድ ላይ ቆመው ሣር ይግጣሉ። አጎቷ ውኃ ቀድቶ አቀበላት። እሱም አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ልጅቷ ውኃውን ጠጥታ ጨረሰች። ከዚያ የተጨማደደውን ወረቀት አውጥታ ጉልበቱ ላይ ዘረጋችለት።

«እስክሪብቶህን አውጣ፣ ጋሼ።»

«አሁን? እዚህ ሜዳ ላይ?»

«አሁን። አንደኛ፣ እትዬ ብለህ ጻፍ። ቦታ ከተረፈ የሚለውን ሰርዝ። ከሥሩ ደግሞ ማንን ጠይቀህ እንደጻፍክ አስፍር፤ ሚጢጢ ብለህ ሳይሆን፣ በስሜ።»