የመካኗ አይጥ ልጆች

ዶክተር አለነ ከአይጦቹ መካከል፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ኤተር የሚባል ማደንዘዣ የነካው ጥጥ አፍንጫው ሥር ወድቋል። ጎንደር ረፋዱ ላይ «ራሱን ገደለ» ብላ ፈርዳ ጨርሳለች። ራሱን ለገደለ ደግሞ ፍትሐት የለም፤ እኅቱ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል መርማሪውን የመቶ አለቃ የሻውን ደጅ ወጥታ የጠበቀችው ስለዚህ ነው።

«ጌታዬ፣ ወንድሜን ያለ ጸሎት አፈር እንዳያለብሱብኝ!»

የሻው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚበላ ሰው ነው። ልመናዋ አንጀቱን በላው፤ ማጽናናት ግን አያውቅበትምና ወደ አይጦቹ ክፍል ገባ።

ጓሮ ክፍል የሚያድረው የዶክተሩ ረዳት፣ ቢያዝን የሚባለው፣ ነገሩን አስረዳው።

«የስሜንና የደምቢያ አይጦች በመልክ አንድ ናቸው፤ ዶክተር ልኮኝ የስሜኖቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ዘር ተሸካሚው ክር፣ ክሮሞሶም የምንለው፣ ቁጥሩ ግን በዘመን ብዛት ተለያይቷል። ስለዚህ ዲቃሎቻቸው መካን ናቸው። እነሱ ካልወለዱ ደግሞ የትኛው ጠባይ በየትኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ ካርታ መሥራት አይቻልም። ዶክተር ተስፋ ቆርጦ ነበር። እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚህ አልገባሁም።»

«ጆሯቸው ምን ሆኖ ነው?»

«ምልክት ነው። የስሜኑ ቀኙ ይቆረጣል፣ የደምቢያው ግራው፣ የዲቃላው ሁለቱም።»

የሻው ደባርቅ ያደገ ነው፤ የበግ ባለቤት የሚለየው በጆሮ ምልክት እንጂ በወሬ እንዳልሆነ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ በር ወጥቶ ዘበኛውን ጠየቀ።

«አያ ዳኛው፣ ተስፋ ቆርጦ ነበር?»

«ምነው? ማታማ ሲስቅ ሰምቸዋለሁ። እዚህ ቤት ስኖር ስቆ አያውቅም።»

የሻው ሦስቱንም ወደ አይጦቹ ክፍል ጠራ። ወለተሩፋኤል ከደፉ አላለፈችም።

«ይህች አራስ ናት። ሣጥኗ ላይ የተለጠፈው ካርድ ‹ስሜን› ይላል፤ ጆሮዎቿ ግን ሁለቱም ተቆርጠዋል። ዲቃላ ናት፣ ወልዳለችም። ዶክተሩ የሳቀው ለዚህ ነው፤ አዲስ ጥጥም አንጥፎላታል። እንዲህ የተደሰተ ሰው ራሱን አይገድልም፣ ደስታውንም በሐሰት ካርድ አይሸፍንም። ካርዱን ሌላ ሰው ለውጦታል። አያ ዳኛው ፊደል አልቆጠረም። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል አይጥ ፈርተው እስካሁንም ደፉ ላይ ናቸው። አንተ ቀረህ፣ ቢያዝን። መካን መሆን የነበረባት ከወለደች፣ ወላጆቿ አንድ ዘር ናቸው ማለት ነው። ‹ስሜን ሂድ› ሲልህ አይጦቹን ከየት አመጣህ?»

ቢያዝን ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ከቆላ ድባ፣ ከዚያው ከደምቢያ... የስሜንን ብርድ ፈርቼ። ውጭ አገር ለትምህርት ሊልከኝ ነበር፤ ቢያውቅ ያባርረኛል። ማታ ጠርቶ ‹ወለደች!› ብሎ አቀፈኝ። ‹ነገ ክሮሞሶሟን እንቆጥራለን› አለኝ፤ ቁጥሩ ያጋልጠኛል። እዚሁ እንቅልፍ ሲጥለው ኤተሩን በጥጥ... ደስታውን የሚነግረው ከኔ በቀር ሰው አልነበረውም።»

«እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነበርሁ» አለች ወለተሩፋኤል። «እኔን ቢጠራኝ ምን ነበር?»

ፍትሐቱ በማግስቱ ተደረሰ። የሻው ከቀብር በኋላ ሊሰናበታት ሲመጣ ክፍሉ ክፍት ነበር። ወለተሩፋኤል ደፉን አልፋ ገብታለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ለአራሷ ስንዴ ትበትናለች።